የካድር ባርኔጣና የብርቄ ስፌት

የረጠበ ሱፍ ሽታ ብዙ ሰው አይወድም። መስኮት ክፈቱ ይላል፣ አፍንጫውን ይይዛል። እኔን ግን የሸተተኝ እንደሆነ ያለሁበት ቦታ ይጠፋኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሁሩታ ያለችው ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ወደ አሰላ ስመለስ የሆነው ይኸው ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል፣ መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። ጥግ ይዤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ያ ሽታ መጣ። ሱፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግ የጫነ ሰው አለ ብዬ እተወው ነበር። ከሱፉ ጋር ግን የተልባ ሽታ አለበት፣ ፈልቶ የደረቀ ተልባ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ነገር በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም እኛ እንሠራው የነበረው ባርኔጣ ነው።

ዞር ስል ከጎኔ ሻርፕ ያደረገች ደልደል ያለች ሴት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉ ተቀዶ ዝናብ ገብቶበት፣ በቀዳዳው ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል። ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና የያዝሽው ባርኔጣ ነው ወይ አልኳት። ሽማግሌ ሰው የሰው ፌስታል ውስጥ ምን ዶለው ብላ ይሆናል፣ ለአፍታ አየችኝ።

«አዎ አባባ፣ የአባቴ ነው። ሽታው አስቸገረዎት መሰለኝ።»

«ሽታውስ የኔው ነው፤ እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

ሳቀችና አውጥታ ሰጠችኝ። ባርኔጣ ሠሪ ባርኔጣ ሲሰጡት ራሱ ላይ አይደፋውም። ገልብጦ ሆዱን ነው የሚያየው። እኔም ገለበጥኩት። በውስጥ የሚዞረው የፍየል ቆዳ በላብ ጠቁሮ እንደ መስታወት ያበራል። ስፌቱ ግን ዛሬ የተሰፋ ነው የሚመስለው። እያንዳንዷ ስፌት የገብስ ፍሬ ታክላለች፣ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። አሰላ ውስጥ በእኔ ዕድሜ እንዲህ አድርጎ የሰፋ ሌላ ሰው የለም። ብርቄ ናት፣ ባለቤቴ። በግራ እጇ ነበር የምትሰፋው። ካረፈች ዓመታት ሆኗታል። ከሥሩ የፊተኛው ስፌት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እሷ ፈትታ መልሳ የሰፋችው ደግሞ አንድ ባርኔጣ ብቻ ነው። ሴቲቱ ደኅና ነዎት ወይ ስትል ሰማኋት።

«አባትሽ ከሁሩታ በላይ ያለው ካድር ነው አይደል? ዳለቻ ፈረስ የነበረው?»

«ፈረሱን እኔ አልደረስኩበትም» አለች። «ሲያወራለት ግን እየሰማሁ አድጌያለሁ።»

ስሟ ሐሊማ ነው፣ ሁሩታ አስተማሪ ናት። ኢተያ እስክንደርስ ነገሩን ሁሉ አጫወተችኝ። ካድር ዓምና በጠና ታሞ ነበር። ድኗል፤ ሥጋው ግን አልተመለሰም፣ ጸጉሩም አልቋል። ባርኔጣውን ዛሬ ሲያደርገው አፍንጫው ላይ ይወርዳል። የሐሊማ ልጅ ደግሞ ሊያገባ ቀኑ ተቆርጧል። በእነሱ ወግ ፈረሰኞቹ ሙሽሪትን ሊያመጡ ሲሄዱ፣ በሕይወት ካለ ከፊት የሚጋልበው የሙሽራው አያት ነው። ካድር ያለ ባርኔጣዬ ፈረስ ላይ አልወጣም፣ ፈረስ ላይ ካልወጣሁ ደግሞ ሠርጉ ላይ አልገኝም ብሎ ቁጭ ብሏል። በመኪና እንውሰድህ ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጁም እንደ አያቱ ግትር ነውና፣ አያቴ ካልቀደመኝ እኔም አልንቀሳቀስ ይላል። አሰላ ያለ አንድ ጫማ ሰፊ ቆዳውን ፈትቶ ከውስጥ ስፖንጅ እንደሚያደርግላት በስልክ ነግሯት፣ ወደ እሱ ነበር የምትወስደው። ስፖንጅ የሚለውን ስሰማ ባርኔጣውን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ለማንም እንዳትሰጪው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማበጀውም እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ወዲያ እስከ አሰላ መናኸሪያ ድረስ ባርኔጣው ጭኔ ላይ ነበር፤ የኔ ሐሳብ ግን ሌላ ዘመን ሄዷል።

ሱቃችን ከገበያው መውጫ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበረች። ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል፤ ባለሱቁ ጨዋ ልጅ ነው፣ ባለፍኩ ቁጥር ወንበር ያወጣልኛል። ያኔ በቀኛችን ጸጉር አስተካካይ ነበር፣ በግራችን ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። ሰው ከላይ እስከ ታች ይታደሳል እዚህ እየተባለ ይቀለድብን ነበር። ጸጉር ቤቱ ሬዲዮ ስለነበረው ዘፈኑ ለሦስታችንም ይበቃል፤ ጥሩ ዘፈን የመጣ እንደሆነ የልብስ ሰፊው እግር ይፈጥናል፣ የጸጉር አስተካካዩ መቀስ ይዘገያል። ሻይ በአምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር፣ በስሙኒ ሰው ጠግቦ ይበላል። የኛን ባርኔጣ ለማሠራት ደግሞ አንድ ጠቦት የሚያወጣውን ያህል ይከፈላል፤ ቀልድ አልነበረም። ሰው ያንን ከፍሎ ያሠራውን ባርኔጣ ዝናብ ሲመጣ አውልቆ ከካፖርቱ ሥር ይደብቀው ነበር። ለዝናብ ነው የሠራንልህ ብንለው አይሰማም፣ ራሱን አስደብድቦ ባርኔጣውን ደረቅ አድርጎ ይገባል።

ሱቁ የጋሽ ወርቁ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ አርመናዊ ባርኔጣ ሠሪ ነው የተማሩት። አርመናዊው ሱፉን በመርከብ ያስመጣ ነበር። ጋሽ ወርቁ አሰላ መጥተው የጭላሎን በግ ሲያዩ፣ ይኸው እኮ እዚህ በእግሩ ይሄዳል አሉ ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ግን ባርኔጣ አድርገው አያውቁም። መላጣቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ነው ሲሠሩ የሚውሉት። ለምን ቢሏቸው፣ እኔ ካደረግኩ ደንበኛው የኔን እንጂ የራሱን አያይም ይሉ ነበር። እኔ ትምህርቴን ገና ሦስተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው የተውኩት፤ ጋሽ ወርቁ ዘንድ የተማርኩት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

የደጋ በግ ሱፍ ብርድ ያሳደገው ስለሆነ ጠጉሩ ጥምዝምዝ ነው፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። ታጥቦ ይደርቅና እንደ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፣ ደመና እስኪመስል ድረስ። ከዚያ በስስ በስሱ ይነጠፋል፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይረጭበታል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሻል። ማሸቱ ነው ሥራው። መጀመሪያ ሰፌድ የሚያህለው ነገር እየታሸ፣ እየጠበቀ፣ እየወፈረ ሄዶ የሳህን ያህል ይቀራል። ያኔ ቢጎትቱት አይቀደድም፣ ውሃ ቢያፈሱበት አያሳልፍም። እሱን በእንፋሎት አለስልሶ ከወይራ የተጠረበ የእንጨት ራስ ላይ መሳብ፣ ወገቡን በገመድ ማሰር፣ ክፈፉን የተልባ ውሃ አጠጥቶ በከሰል ካውያ መተኮስ ነው። የተልባው ውሃ ሲደርቅ ክፈፉ ቀጥ ይላል፣ ቢያጥፉትም ተመልሶ ይነሳል። ሱፍ ግን እኛ አንሸጥም ነበር። ደንበኛው የገዛ መንጋውን ሱፍ በጆንያ ይዞ ይመጣል። የሰው በግ ራስ ላይ አድርጎ መሄድ እንደ ነውር ይታይ ነበርና። አንዳንዱማ ሱፉን ሲያስረክብ የበጓን ባሕርይ ጭምር ነበር የሚነግረን፣ ይቺ ገራም ናት፣ ይቺ ደግሞ አጥር ዘላይ ናት እያለ።

በገበያ ቀን በረንዳችን ላይ ቆሜ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ከየት እንደመጣ እለይ ነበር። የአርቦዬ ሰው ፀሐዩ ስለሚበረታበት ክፈፉን ሰፊ አድርጉልኝ ይላል። የሮቤ ሰው ጠበብ ያለች፣ በአንድ በኩል ከፍ ያለች ይወዳል፤ ከፍ ያለችውንም በኩል ሴቶች በሚቀመጡበት አቅጣጫ አዙሮ ነው የሚያልፈው። የሁሩታ ፈረሰኛ ግን ጥልቅ ነው የሚፈልገው፣ እስከ ቅንድቡ የሚገባ። ይህን ሁሉ ባርኔጣ ማን ገደለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የመንግሥት መለዋወጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ባርኔጣ የባላባት ነው ተብሎ የተፈራበት ጊዜም ነበረ፣ አልክድም። እኔ ግን አፍሮ ነው እላለሁ። ወጣቱ ጸጉሩን እንደ ጥቅል ጎመን ካሳደገ በኋላ የትኛው ባርኔጣ ይግባለት? ጸጉር አስተካካዩም እኛም ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝንብ ስናባርር እንውል ነበር። አፍሮው ሲያልፍ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ባለምላስ ቆብ ደረሰ። ዛሬ የባጃጁም የጋሪውም ልጅ እሱን ነው የሚያደርገው፣ ያውም ምላሱን ወደ ኋላ አዙሮ። ፀሐዩ የሚመጣው በማጅራቱ ይመስል።

ብርቄ ወደ ሱቁ የመጣችው ቆዳ ለመስፋት ነው። ጋሽ ወርቁ በግራ እጇ መርፌ ስትይዝ አይተው፣ ይሄ ስፌት ይጣመማል፣ አይሆንም ብለው ነበር። እሷ ግን አንድ ቆዳ ሰፍታ አስረከበቻቸው። ጋሽ ወርቁ በጉጠት ይዘው ሳቡት፣ ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ስፌቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲያ ነገ ነይ ብቻ ነው ያሏት። እኔ ሱፍ ሳሽ እሷ ቆዳ ስትሰፋ፣ ብዙም ሳንነጋገር ነው የተጋባነው ማለት እችላለሁ። ሰዎች ባርኔጣውን በኔ ስም የታደሰ ባርኔጣ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ የታደሰ የሚባለው ከላይ የሚታየው እንጂ፣ ባርኔጣውን ባርኔጣ አድርጎ የያዘው የሷ ሥራ ነበር። ይህን ያኔም እናገር ነበር፣ ዛሬም እናገራለሁ።

ካድር የመጣው እሱ ራሱ ሊያገባ ሲል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ልጅ። ቡናማ ሱፍ በጆንያ ይዞ ነበር፣ እናቱ ከሰጠችው በግ የተሸለተ። ከማንም ሰው በላይ ለዚህ ባርኔጣ የተጨነቀበት ምክንያት ነበረው። በዚያ አካባቢ የሙሽራው ፈረሰኞች ሙሽሪት ደጅ የሚደርሱት በግልቢያ ነው። የሙሽሪት ጓደኞች ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ የነካ አለ ወይ? የአገጭ ማሰሪያ ማድረግ አይታሰብም፣ ያ የሕፃን ነው። በግልቢያ መሐል ባርኔጣውን የያዘ ሰው ካለ፣ ልጃገረዶቹ ያንኑ ሰው ለይተው በዘፈን ይቀበሉታል። ሰውዬው ውሃ ቀድቶ መጣ ወይ፣ ራሱ ነው እንስራ፣ በእጁ የደገፈው ይሉታል፤ በኦሮምኛ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። የሚያስቀው ለአንድ ቀን አይደለም። ዘፈኑ ይቀራል። የካድር ታላቅ ወንድም በሠርጉ ዕለት ባርኔጣውን ነክቶ፣ ልጆቹ አድገውም ባለእንስራው እየተባለ ነበር የሚጠራው። ካድር ይህን ሲነግረን ወንድሜ ደግ ሰው ነው ብሎ ጀመረና፣ እኔን ግን እንደሱ እንዳታደርጉኝ ብሎ ጨረሰ።

ስንለካው ኮፍያውን አወለቀ። እዚህ እኛ ዘንድ ኮፍያ ስል ሙስሊሞች የሚያደርጉትን ነጩን ክብ ማለቴ ነው። ለምን አወለቀ? በዚያን ጊዜ አገር ቤት የነበረ ሰው ከተማ የሚያውቀው በቢሮ ነው። ቢሮ ሲገባ ደግሞ ራስ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይወልቃል። ካድር ሱቃችን ሲገባ ጋሽ ወርቁ ገመድ ይዘው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሲያያቸው፣ ባለሥልጣን መስለውት ቀጥ ብሎ ቆመና ኮፍያውን እጁ ውስጥ ደበቀ። ጋሽ ወርቁ ባዶ ራሱን ለኩ፣ እኔ በዚያው ልክ ሠራሁ። ሊወስድ በመጣ ዕለትም እንዲሁ አውልቆ አደረገው፤ ልክክ አለ። ጋሽ ወርቁ ሊመርቁት አፋቸውን ሲከፍቱ ብርቄ ከጥጓ ቀና አለች።

«ኮፍያህን አውልቀህ ነው እንዴ የምትጋልበው?» አለችው።

«እንዴት ተደርጎ» አለ ካድር፣ እንደ ደነገጠ።

«እንግዲያስ አድርግና ሞክረው።»

ኮፍያውን አደረገና ባርኔጣውን ደረበ። ባርኔጣው አናቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ፣ ቆጥ ላይ እንዳለች ዶሮ። ጸጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስግጎ ያይ ስለነበር በሳቅ ወደቀ። ካድር አልሳቀም። ሠርጉ ደርሷል፣ ሌላ ሱፍ የለም፣ ሌላ ባርኔጣ የሚሠራበት ጊዜም የለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እንስራ፣ እንስራ አለ ለራሱ። ጋሽ ወርቁ እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ብርቄ ግን ባርኔጣውን ወስዳ፣ ሰፍታ የጨረሰችውን ቆዳ ራሷ በምላጭ መፍታት ጀመረች። እኔም ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። የእንጨቱን ራስ በሻሽ ጠቅልለን ኮፍያ ያደረገ ራስ አስመሰልነው፣ ባርኔጣውን በእንፋሎት እያለሰለስን በላዩ ሳብነው፤ ካድር ራሱ አንዱን ጎን ይዞ ይጎትት ነበር። ሲደርቅ ብርቄ ቆዳውን እንደገና ሰፋችው። ክሩን ሰም አስልሳ፣ ላይና ታች፣ አንድም ጊዜ ቀና ሳትል ነው የጨረሰችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ለካድር ሰጠችው።

«ይሄን ከእንግዲህ የሚፈታ የለም» አለችው።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ካድር በዳለቻው ፈረስ ሱቃችን በር ድረስ መጣ። ከፈረሱ አልወረደም። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየንና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። «አልነካሁትም» አለ። ብርቄ ከሥራዋ ሳትነሳ ፈገግ አለች። ካድር እየሳቀ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሄደ። በኋላ እንደሰማነው ልጃገረዶቹ የሚዘፍኑበት ነገር ቢያጡ ፈረሱን ነበር የሰደቡት። ከዚያ ወዲህ ከሁሩታ በላይ ያለ ሙሽራ ሁሉ ወደ አሰላ ወረደ፤ ሱቃችንም ለዓመታት የቆመችው በዚያ ባርኔጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የአዲስ አበባ ባርኔጣ በነፋስ ይሄዳል፣ የአሰላው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል ይባል ነበር።

እንግዲህ ያንን ባርኔጣ ነው ከሐሊማ ተቀብዬ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት። አጠገቡ የወይራውን ራስ አወጣሁ። ጋሽ ወርቁ ሲሞቱ ለኔ ነበር የተዉልኝ፤ የልጅ ልጆቼ ለበር መደገፊያ አድርገውት ነበርና ትንሽ አዋራ ይዟል። ሙያው የሚለው ግልጽ ነው። ቆዳውን ፍታ፣ ከኋላው የሱፍ ድርብ አስገባ፣ መልሰህ ስፋ። ለሌላ ሰው የሚሠራ ባርኔጣ ቢሆን ቆዳው በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሰፋ ሳይፈቱም ይገባ ነበር። የፈረሰኛ ግን በግልቢያ እንዳይገለበጥ ላይና ታች ነው የሚሰፋው፣ ምንም ነገር አይገባበትም። ምላጩን ያዝኩ። መነጽሬን አደረግኩ። የመጀመሪያዋን ስፌት አየኋት፣ ወደ ግራ ያዘነበለችውን። ከብርቄ እጅ የቀረኝ ምን አለ? አንድ ሁለት ትራስ፣ የጋቢዬ ጠርዝ። ባርኔጣዎቹ ሁሉ በየሰው ራስ ላይ አርጅተው፣ ጠፍተው፣ ከሰው ጋር ተቀብረው አልቀዋል። ምላጩን አስቀመጥኩት። በማግስቱም አነሳሁት፣ በማግስቱም አስቀመጥኩት። ሐሊማ ትደውላለች፣ ደረሰ ወይ አባባ ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሠርጉ እየቀረበ እንደሆነ ይሰማኛል። ካድር ምን ይላል ስላት፣ በሩን እያየ ነው የሚውለው አለችኝ። ለአንድ ክር ብዬ የሰው ሠርግ ላበላሽ ነው ወይ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ባርኔጣውን ገልብጬ ሳየው ሳየው ነው የገባኝ። ካድር ይህን ባርኔጣ በባዶ ራሱ አድርጎት አያውቅም። በባርኔጣውና በራሱ መሐል ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ያኔ እኛን ጉድ ሊሠራን የነበረው ያው ነገር ዛሬ ሊያወጣን ይችላል። ባርኔጣውን ማጥበብ ለምን አስፈለገኝ? ኮፍያውን ማወፈር እችላለሁ። የሚገዛው ስስ ጨርቅ ሳይሆን ከሱፍ የታሸ፣ ወፈር ያለ፣ ሙቀት የሚሰጥ ኮፍያ። ወዲያው ለሐሊማ ደወልኩና ነጭ ሱፍ ከመንጋችሁ አዘጋጂልኝ፣ እኔም ራሱን ልለካ እመጣለሁ አልኳት። ባርኔጣው ነው እኮ የሰፋው አባባ አለችኝ። አውቃለሁ ልጄ አልኳት።

ካድርን ያገኘሁት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ነበር። ከስቷል። ፊቱ ላይ ከዓይኑ በቀር ያው የቀረ ነገር የለም። ሲያየኝ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ በኦሮምኛም እንዴት ነህ አለኝ።

«ያ ታደሰ፣ አካም ጅርታ? አርጅተሃል።»

«አንተ ደግሞ ገና ሙሽራ ነህ» አልኩት። «ኮፍያህን አውልቅ፣ ልለካህ።»

ኮፍያውን በእጁ ጫን አድርጎ ያዘው። «አንድ ጊዜ አውልቄ ምን እንደደረሰብኝ አንተም ታውቃለህ። የሰጠሁህ ባርኔጣውን ነው፣ ራሴን ምን ታደርገዋለህ?»

«ዛሬ ግን አውልቀው። ለምን እንደሆነ ታያለህ።»

እያጉረመረመ አወለቀ። ገመዱን ሳዞርበት ራሱ የወፍ ያህል ቀልሎ ነበር። ባርኔጣውን ፈታኸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱም የብርቄን ቃል አልረሳትም። አርፈህ ተለካ አልኩት።

ሱፍ ካሸሁ ስንት ጊዜዬ። ሐሊማ የሰጠችኝን ነጭ ሱፍ አጥቤ፣ ደጋን ስለሌለኝ በጣቴ ፈልቅቄ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። አሰላ አብራኝ የምትኖረው ልጄ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ወስጄባት ትስቃለች። የመጀመሪያው ጠብቆ ጠብቆ ለአራስ ልጅ የሚሆን ሆኖ አረፈው፤ ችኮላ ነው ያበላሸው። ሁለተኛውን ቀስ አልኩ። የሱፍ ነገር እንዲህ ነው፣ ሲጠብቅ እጅህ ሥር ይታወቅሃል፣ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ ይይዛል፣ በመጨረሻ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል ታቆማለህ። ጣቶቼ ረስተዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እነሱ ግን ከኔ ይልቅ ያስታውሱ ነበር። በገመዱ ልክ በወይራው ራስ ላይ ስቤ አደረቅኩት። ጠርዙን በቀኝ እጄ ሰፋሁት፣ የብርቄን አይመስልም፣ ግን ይይዛል። ባርኔጣውን ራሱን በእንፋሎት አነቃሁት፣ ክፈፉን የተልባ ውሃ አጠጥቼ ተኮስኩት። ቤቱ ሁሉ ያንን ሽታ ሸተተ። ልጄ መስኮት ልክፈት አለች፣ ተይው አልኳት።

ኮፍያውንና ባርኔጣውን በሠርጉ ዋዜማ ለሐሊማ ሰጠሁ፤ በሠርጉ ዕለት ደግሞ ከሴቶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድሜ ሙሽሪት ደጅ ደርሼ ቆምኩ። ልጃገረዶቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከበስተኋላ ያሉት አሮጊቶች ግን ስልክ አልያዙም፣ ዓይናቸውን ነው የያዙት፤ ያንን ዘፈን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከጭላሎ በኩል ነፋስ ይነፍሳል፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ ይጎነበሳል።  ካድርና ሐሊማ የተነጋገሩት ፈረሱ እየተጎተተ፣ እሱ ተቀምጦበት ቀስ ብሎ እንዲመጣ ነበር። ከዳገቱ ላይ ብቅ ሲሉ እውነትም እየተጎተተ ነበር። ወደ ሜዳው ሲደርሱ ካድር ጎንበስ ብሎ ለጎታቹ አንድ ነገር ነገረው። ጎታቹ ገመዱን ለቀቀ። ሐሊማ ከጎኔ ያ አላህ አለች።

ሩቅ አልጋለበም። ሜዳዋ ትንሽ ናት። ግን ጋለበ። ከኋላው ሙሽራውና ጓደኞቹ ተከተሉት። ቡናማው ባርኔጣ ከነጩ ኮፍያ ላይ፣ እስከ ቅንድቡ ገብቶ፣ እዚያው የበቀለ ይመስል ተቀምጧል። አንድ እጁ ልጓሙ ላይ ነው፣ ሌላውን ወደ ጎን ዘርግቶታል፣ ሁሉም እንዲያየው። ነፋሱ ክፈፉን ወደ ላይ አጠፈው፣ ክፈፉ ተመልሶ ወረደ። ከኋላው ከመጡት ወጣቶች የአንዱ ባለምላስ ቆብ በረረ፣ ልጁ ሊይዘው እጁን ሲሰድ አሮጊቶቹ አንድ ላይ ጀመሩ። ልጃገረዶቹም ግጥሙን ከነሱ እየተቀበሉ ተከተሉ። እንስራው ተመልሶ መጣ፤ ለካድር ግን አልነበረም።

ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ትንፋሹ አጥሯል፣ ፊቱ ላይ ግን የድሮው ካድር አለ። ከሙሽሪት አባት ጋር ከተሳሳመ በኋላ በከዘራው እየተደገፈ ወደኔ መጣ። ፊቴ ሲደርስ ቆመ።

«አልነካሁትም» አለኝ።

ባርኔጣውን አወለቀ፤ ኮፍያው ብቻ ራሱ ላይ ቀረ። ባርኔጣውን ሰጠኝ። ገልብጬ ሆዱን ወደሱ አዞርኩለት። የጠቆረው ቆዳ፣ የገብስ ፍሬ የሚያካክሉት ስፌቶች፣ ላይና ታች፣ ሁሉም ወደ ግራ እንዳዘነበሉ፣ አንዲት ክር ሳትጎድል።

«እኔም አልነካሁትም» አልኩት።